በገደል ለተለያዩ ቀበሌዎች የትኛው የሬዲዮ መገናኛ ይበጃል?

በሰሜን ሸዋ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሕዝብ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ወንጪት፣ ጀማና ገባሮቻቸው በቦረቦሯቸው ገደሎች የተለያዩ መሆናቸው የታወቀ ነው። ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ በአየር መስመር ከ80 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እግረኛው ግን ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን መውጣት ግዴታው ነው። ወላድ በምጥ ስትያዝ፣ ከብት ሲዘረፍ ወይም በጓሳው ሣር ላይ እሳት ሲነሳ ግን መልእክቱ በደቂቃዎች ውስጥ መድረስ ይኖርበታል።

የሞባይል ስልክ አያሌ ችግሮችን አቃሏል። ይሁን እንጂ የማማው ሞገድ በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ወይም ማማው ኃይል ሲያጣ አይሠራም። በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሰሚውም ተናጋሪ ስለሚሆንበት የመገናኛ ሬዲዮ ማወቃቸው ይጠቅማል። የዚህ መገናኛ አሠራር በሁለት ይከፈላል።

መደበኛው አሠራር

በመደበኛው አሠራር እያንዳንዱ ቡድን ለራሱ የተመደበ ቻናል አለው። ተናጋሪው ቁልፉን ተጭኖ ይናገራል፤ ሲለቅ ሌላው ይመልሳል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢጫኑ ንግግሩ ይደበላለቃል። በሌላ በኩል አንዱ የተናገረውን በቻናሉ ላይ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ። ስልክ አንድ ሰው ይጠራል፤ ይህ ግን እንደ እሪታ መንደሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነሳል።

ብዙዎቹ የእጅ ሬዲዮዎች የሚሠሩበት ቪኤችኤፍ የተባለው ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ፊት ለፊት ወዳለው ይደርሳል፣ ተራራ ግን ይጋርደዋል። በሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ቢበዛ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይነጋገራሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ሪፒተር የሚባለው አቀባይ ጣቢያ ሲሆን፣ በአንድ ሞገድ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ሞገድ መልሶ ያሰራጫል። ከአካባቢው 400 ሜትር ከፍ ባለ ራስ ላይ ቢተከል አድማሱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሌላ አገር በብረት ማማ የሚፈልገውን ከፍታ የመንዝ ደጋ በተፈጥሮ አግኝቶታል፤ የጓሳ ምድር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው።

ይሁንና በገደሉ ሥር ያለው ቀበሌ ከራሱ ላይ ካልታየ ሪፒተሩም አይረዳውም። እንዲህ ላለው ቦታ ከማዶ ሌላ ሪፒተር መትከል ወይም ኤችኤፍ የተባለውን ሞገድ መጠቀም ያስፈልጋል። ኤችኤፍ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከከፍተኛው የአየር ክፍል ነጥሮ ስለሚወርድ ገደል አያግደውም።

ትራንክድ የሚባለው አሠራር

ይህን በወፍጮ ቤት መመሰል ይቻላል። አምስት ወፍጮዎች ለአምስት መንደሮች ተለይተው ቢሰጡ፣ አንዱ ሥራ ፈትቶ ሲውል በሌላው ደጃፍ ሰልፍ ይበዛል። አንድ ተራ አስከባሪ በር ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ ወደ ባዶው ወፍጮ ቢመራ ግን ሁሉም ፈጥኖ ያስፈጫል። በትራንክድም ቻናሎቹ የጋራ ናቸው። ተጠቃሚው ቁልፉን ሲጫን ኮምፒዩተር ነፃ ቻናል ፈልጎ ለቡድኑ ይሰጣል፤ ንግግሩ ሲያበቃ መልሶ ይወስዳል። ሁሉም ከተያዙ ጠሪው ወረፋ ይጠብቃል፤ የአደጋ ጥሪ ግን ቅድሚያ ያገኛል።

ይህ አሠራር ብዙ መቶ ተጠቃሚ ላለው ከተማ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ወይም የባቡር ድርጅት ይስማማል። ነገር ግን በብዙዎቹ ዘንድ አንድ ቻናል ለተራ አስከባሪነት ብቻ ይያዛል። ሁለት ወይም ሦስት ቻናል ብቻ ላለው ወረዳ ይህ ብክነት ነው። ከዚህም ሌላ ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን፣ የማያቋርጥ ኃይልና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል።

መሪዎች ሊጠይቁት የሚገባ

ስለዚህ ጥቂት ሬዲዮና ሰፊ ገደል ላላቸው ቀበሌዎች መደበኛው አሠራር ከጥሩ ሪፒተር ጋር ይበጃል። ከግዢ በፊት መሪዎች ባለሙያውን ወደ ቦታው ወስደው ከየመንደሩ ማስሞከር አለባቸው፤ በቢሮ ካርታ ላይ የሚደርስ የመሰለው በሸለቆው ላይደርስ ይችላል። ለሪፒተሩ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ፣ ባትሪና ጠባቂ ማን እንደሚያዘጋጅ አስቀድሞ መወሰን ያሻል። ሞገድ የሚመድበውና ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ ሬዲዮ መጠቀም ተገቢ አይደለም።

የመንዝ ሕዝብ ጓሳን ለብዙ መቶ ዓመታት በደንብ ሲዘጋና ሲከፍት የኖረው የጋራ ሀብት ያለ ሥርዓት እንደሚጠፋ ስለሚያውቅ ነው። ቻናልም እንዲሁ የጋራ ነው። ወሬ የሚበዛበት ቻናል የአደጋ ጥሪን ያፍናል። ከሁሉም በላይ ሬዲዮው ሌት ተቀን የሚያዳምጥ ተረኛ ያስፈልገዋል። የተረኞቹ ስም ዝርዝር ከሬዲዮው ቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል።