የእንግሊዝኛ ትምህርት በድረ ገጽ፤ እንዴት ይዘጋጃል? ከጊዜውስ ጋር እንዴት ይራመዳል?



ድረ ገጽ ማለት በኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ የግድግዳ ጋዜጣ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ይህ አሁን ቆማችሁ የምታነቡት ጋዜጣ አዘጋጅ አለው፣ ተራ አለው፤ የቆየው ይነሣል፣ አዲሱ ይለጠፋል። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የእኛን ጋዜጣ የሚያነበው በዚህ በኩል የሚያልፍ ብቻ ሲሆን፣ ድረ ገጹን ግን ቢቸና ያለውም ሞጣ ያለውም ልጅ ስልክና መሥመር ካገኘ በአንድ ሰዓት ሊያነበው መቻሉ ነው።

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ እኛን ለምን ይመለከተናል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ ደግሞ የትምህርቱ ሁሉ መስጫ ቋንቋ ይሆናል። ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በቋንቋ ማመካኘት አይገባም። ይሁን እንጂ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ መልሱን ቢያውቀውስ ምን ዋጋ አለው? ነገ ወደ ገጠር ት/ቤት ስንመደብ ይህ ችግር የእኛ ችግር ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ የእንግሊዝኛ መማሪያ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ በአምስት ነጥብ ከፍዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሀ/ ለማን እንደሚጻፍ አስቀድሞ መወሰን

በውጭ አገር የተዘጋጁ ጥሩ ጥሩ ገጾች አሉ። የብሪቲሽ ካውንስልና የቢቢሲ የእንግሊዝኛ መማሪያ ገጾች በነፃ የሚከፈቱ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ለዓለም ሁሉ የተጻፉ ስለሆኑ የአማርኛ ተናጋሪ የት ላይ እንደሚደናቀፍ አይነግሩንም። ምሳሌ ልስጥ።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «ልጁ ዳቦ በላ» እንላለን። እንግሊዝኛው ግን «ልጁ በላ ዳቦ» ብሎ ነው የሚሄድ። ደግሞም «ዘነበ» የምትለው አንዲት ቃል ለእኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናት፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኢት ሬይንድ» ተብሎ ባለቤት ይፈለግለታል። ተማሪው ባለቤቱን የሚተወው ሰንፎ አይደለም፤ በእናቱ ቋንቋ ባለቤቱ ግሡ ውስጥ ስላለ ነው። በድምፅም በኩል ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። በዚህ የተነሣ ተማሪው «አስባለሁ» ለማለት ፈልጎ «አይ ሲንክ» ይላል፤ ይኸ ደግሞ «እሰምጣለሁ» ማለት ነው!

የሰዓቱ ነገርማ ከሁሉ ይብሳል። የእኛ ጧት ሁለት ሰዓት በእንግሊዝኛ «ኤይት ኦክሎክ» ነው፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። «ቱ ኦክሎክ» የተባለ ቀጠሮ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት መሆኑን ያልተማረ ልጅ ጧት ሄዶ በር ላይ ሲጠብቅ ይውላል። እንዲህ ያለውን ነገር ሊጽፍ የሚችለው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅና ልጆቹን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ማለትም የአገሬው መምህር ነው።

ለ/ የሚነበብ ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ነገር ማቅረብ

ብዙ ገጾች መቶ መቶ ቃል ከነትርጉሙ ይደረድራሉ። ቃል መያዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቋንቋ በመሸምደድ ብቻ አይገኝም። በዚህ በኩል ከአገራችን የቅኔ ቤት ብዙ መማር እንችላለን። ለቢቸና ቅርብ የሆነው ዲማ ጊዮርጊስ በዚህ ትምህርት የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ የሰማውን ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ የራሱን ቅኔ አስቦ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ያሰማል፣ የተበላሸው ይታረምለታል፣ በማግሥቱም ሌላ ይዞ ይመጣል። አዲስ ነገር መሥራትና መታረም ሳይቋረጡ ይሄዳሉ።

የእንግሊዝኛ ገጽም በእያንዳንዱ ትምህርት መጨረሻ «አሁን አንተ ጻፍ፣ አንቺ ጻፊ» የሚል አምስት ጥያቄ፣ ቀጥሎም መልሱንና የመልሱን ምክንያት ቢይዝ ግማሽ መምህር ይሆናል። ምንባቡም የምናውቀውን ቢናገር መልካም ነው። ስለ በረዶና ስለ ምድር ውስጥ ባቡር ከሚያነብ ይልቅ፣ ስለ ጤፍ ውቂያ ወይም ከሞጣ በኩል ወደ ጎንደር ስለሚያሻግረው የዐባይ ሰባራ ድልድይ የሚያነብ የሞጣ ልጅ አሳቡን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ጉልበቱን በቋንቋው ላይ ያውላል።

ሐ/ ገጹን ቀላል ማድረግ

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። በኢንተርኔት አሠራር አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ብቻ። በአማርኛ 5,000 ፊደል ያለው ትምህርት 15,000 ባይት ገደማ ነው ማለት ነው። ያንኑ ትምህርት በወረቀት ጽፎ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ ግን 2 ሚሊዮን ባይት ሊፈጅ ይችላል፤ ከ130 ጊዜ በላይ! የ10 ደቂቃ የንግግር ድምፅ በዝቅተኛ ጥራት ቢቀዳ 2.4 ሚሊዮን ባይት ያህል ሲሆን፣ ተንቀሳቃሽ ምስል ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበላል።

ይኸን ሁሉ የሚከፍለው ማነው? በአምስት ብርና በአሥር ብር ካርድ የሚሞላው ተማሪ ነው እኮ። ስለዚህ ጽሑፉ በፊደል ይጻፍ፣ ድምፁ አጭር ይሁን፣ ምስል ሲያስፈልግ ብቻ ይግባ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ስለገባ ዛሬ አማርኛን በስልክ ለመጻፍ ምንም የሚያግደን ነገር የለም።

መ/ አዲስ የመጣውን መከተል፣ ግን በልክ

የኢንተርኔት ነገር ፈጣን ነው። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱ መጥቶ ስንቱ ሄደ! ፍላሽ የሚባለውን ብልሃት እንውሰድ። በአንድ ወቅት የእንግሊዝኛ መማሪያ ጨዋታዎች በብዛት የሚሠሩት በእርሱ ነበር። ባለቤቱ አዶቢ ግን በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድጋፉን አቆመ፤ በእርሱ ብቻ የተሠሩት ጨዋታዎችም አብረው አልከፈት አሉ። በተራ ጽሑፍ የተጻፈው ትምህርት ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ይህ ማለት አዲሱን እንሽሽ ማለት አይደለም። ጉግል ትርጉም በ2008 ዓ.ም. አማርኛን ጨምሯል፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቻት ጂፒቲ ወጥቶ ማንም ሰው ሰዋስው እየጠየቀ መልስ ያገኛል። ታዲያ ከእንግዲህ ገጽ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ገጹ አሁን የበለጠ ያስፈልጋል። መሣሪያው የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ጀማሪው ግን መጀመሪያ ምን መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም። ከዚህም ሌላ መሣሪያው ሲሳሳት እንዳወቀ ሰው ሆኖ ነው የሚሳሳት፤ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ ይበዛል። ትምህርቱን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ መልሱን በመዝገበ ቃላት ማረጋገጥና ኃላፊነት መውሰድ የሰው ሥራ ነው።

ልጆቹ ዛሬ በብዛት ያሉት ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው። ስለዚህ ድረ ገጹን ቤት፣ ቴሌግራሙን ደጅ ማድረግ ይቻላል፤ በደጁ አጭር ማስታወቂያ፣ በቤቱ ሙሉው ትምህርት። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፤ ምን ያስተምራል? የተማሪውን ካርድ ስንት ይበላል? ነገ ቢጠፋ ምን ይቀርልናል? በወር አንድ ቀንም መድቦ የተበላሸውን ማያያዣ መጠገን፣ ጊዜው ያለፈበትን ማንሣት፣ የትኛው ትምህርት በብዛት እንደተከፈተ ማየት ያስፈልጋል።

ሠ/ መሥመር ሲጠፋ የሚቆይ ነገር ማዘጋጀት

ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚያን ጊዜ የትኛውም ገጽ፣ ያማረውም ያላማረውም፣ እኩል ተዘጋ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ዘላለማዊ አይደሉም። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በ1959 እ.ኤ.አ. 1,500 በሚያህሉ ቃላት ብቻ እየተጠቀመና ቀስ ብሎ እያነበበ ለተማሪዎች የሚሆን ልዩ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው በእርሱ ተምሯል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ግን የጣቢያው ሠራተኞች ከሥራ እንዲገለሉ ሲደረግ ሥራው ቆመ።

እኛም አገር በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀመር፣ መብራት ከሄደ ያ ክፍለ ጊዜ ሄደ ማለት ነበር፤ መምህሩም «ቆይ፣ አልገባቸውም» ብሎ ሊያቆመው አይችልም። ከዚህ የምንማረው፣ ጥሩ ትምህርት ሊቆም፣ ሊደገምና ሊቀመጥ የሚችል መሆን እንዳለበት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የገጹ ትምህርት ሦስት መልክ ይኑረው። አንደኛ፣ በኢንተርኔት የሚከፈት፤ ሁለተኛ፣ አንዴ ወርዶ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ፤ ሦስተኛ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት በእጅ ተገልብጦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለ ት/ቤት ስልክ የሌለው ልጅ ብዙ ነው። ሳምንት ሳምንት ሰኞ ጧት አንድ ትምህርት በትልልቅ ፊደል ተለጥፎ ቢያገኝ፣ ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ሳያይ ከኢንተርኔት ተማረ ማለት ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ ይህን ሥራ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እንደ ብሎገር ያሉ ገጽ ማዘጋጃዎች በነፃ ይገኛሉ። የሚጠይቀው አንድ ሁለት ሰው ሆኖ መሰብሰብ፣ ተራ መያዝ፣ የሌላውን ሰው ሥራ ሳይሰርቁ የራስን መጻፍና ሳይሰለቹ መቀጠል ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ! ከመካከላችሁ ፈቃደኛ የሆነ የመጀመሪያውን ትምህርት ጽፎ እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው፤ ሁላችንም ቆመን እናርመው። ታርሞ ሲጣራ ወደ ድረ ገጽ ይወጣል። የመጀመሪያው ርእስ ምን ይሁን ለምትሉ፣ እኔ የሰዓቱን እመርጣለሁ።