ማክስ ቢርቦም በቃልና በመስመር

በ1896 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ «የማክስ ቢርቦም ሥራዎች» የተባለ መጽሐፍ ታተመ። እንዲህ ያለ ርዕስ የሚሰጠው ዕድሜ ልኩን ሲጽፍ ኖሮ ላለፈ ታላቅ ደራሲ፣ በብዙ ቅጽ ለተሰበሰበ ድርሰት ነው። ይህኛው ግን ሰባት ወጎች ብቻ የያዘ ስስ መጽሐፍ ነው፤ ጸሐፊውም ገና የ23 ዓመት ወጣት። አሳታሚው ጆን ሌን የወጣቱን ጽሑፎች ዝርዝር፣ የትና መቼ እንደወጡ ሳይቀር፣ የአንድ አንጋፋ ሊቅ ሥራ ይመስል አዘጋጅቶ አስገባለት። በመጨረሻው ወግ ላይ ደግሞ ቢርቦም ዘመኔ አልፏል፣ ከእንግዲህ አልጽፍም ብሎ አንባቢን ተሰናበተ።

ይህ ቀልድ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው በጥንቃቄ ስለተሠራ ነው። ርዕሱ፣ ዝርዝሩ፣ ስንብቱ፣ ሁሉም የእውነተኛ «ሙሉ ሥራዎች» ወግና ሥርዓት ተጠብቆባቸዋል። ቢርቦም ከዚያ በኋላም የሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚቀልድበትን ነገር አስቀድሞ አብጠርጥሮ ያውቀዋል። በድርሰቱም ሆነ በሚስላቸው የዝነኞች ካርቱኖች ውስጥ ያለው ችሎታ አንድ ነው ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው።

የተወለደው በ1872 ለንደን ነው። አባቱ ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ከሜሜል ከተማ የመጡ የእህል ነጋዴ ነበሩ። በአባት የሚገናኘው ታላቅ ወንድሙ ኸርበርት ቢርቦም ትሪ በዘመኑ ስመ ጥር ተዋናይና የቴአትር ቤት መሪ ስለነበር፣ ማክስ ዝነኞችን በቅርብ የማየት ዕድል ገና በልጅነቱ አገኘ። ኦክስፎርድ ገብቶ ዲግሪ ሳይዝ ወጣ። በ1894 «የሎው ቡክ» በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ ስለ ሴቶች መኳኳያ የጻፈው ወግ ብዙ ተቺዎችን አስቆጣ፤ ስሙም ታወቀ። ከ1898 እስከ 1910 ጸሐፌ ተውኔቱን በርናርድ ሾውን ተክቶ የ«ሳተርደይ ሪቪው» የቴአትር ሐያሲ ሆኖ ሠራ።

የአንድን ዝነኛ ካርቱን ሲስል ሰውየውን ፊት ለፊት አስቀምጦ አልነበረም። አይቶት ይሄዳል፤ ቆየት ብሎ ከትዝታው ይስለዋል። ትዝታ እንደ ወንፊት ነው፤ ተራው ነገር ይወርዳል፣ የሰውየው ልዩ ምልክት ይቀራል። ስለዚህ ረጅሙ ይበልጥ ይረዝማል፣ አንገቱ አጭር የሆነው ጭራሽ አንገት ያጣል። ፊት ብቻውን አይበቃውም፤ የኮት አቆራረጥ፣ የባርኔጣ አደፋፍ፣ የጀርባ ጉብጠት ሁሉ ይናገራል። በእርሳስ ወይም በቀለም ብዕር በስሱ ያሰምርና ላዩን ሳሳ ያለ የውሃ ቀለም ያለብሰዋል።

አንዱን ሥዕል ቀረብ ብለን እንየው። አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ጄምስ ኑሮውን እንግሊዝ አገር ያደረገ፣ የሰውን ስውር ሐሳብ በረጃጅምና በተጠላለፉ ዐረፍተ ነገሮች የሚፈትሽ ሰው ነበር። በዘመኑ የሆቴል እንግዶች ጫማቸው እንዲጠረግላቸው ማታ ከበራቸው ውጭ ያኖሩት ነበር። ቢርቦም ይህን ግርማ ሞገሳም ሽማግሌ በአንድ ሆቴል ውስጥ በተዘጋ በር ፊት አንበርክኮታል። በሩ ሥር ሁለት ጥንድ ጫማ አለ፤ አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት። በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ጄምስም ሁሉን ነገር ከጫማዎቹ ሊረዳ ይጥራል። ልብ ወለዶቹን ያነበበ ሰው የደራሲው አሠራር በሙሉ እዚህች ወረቀት ላይ እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። ብዙ ገጽ የፈጀ ሂስ ይህን ያህል አይነግረንም።

አሁን ደግሞ በ1912 የታተመውን «የገና ጉንጉን» እንክፈት። በዚህ መጽሐፍ ቢርቦም 17 ደራስያን ስለ ገና ቢጽፉ ኖሮ እንዴት ይጽፉ እንደነበር በየአጻጻፋቸው እየገባ ያሳያል። በጄምስ ተራ ሁለት ሕፃናት በገና ማለዳ ይነቃሉ፤ ስጦታ ያለበት ካልሲ አልጋቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ልይ ወይስ አልይ? ገጾቹ የሚያልቁት በዚህ ማመንታት ነው። የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት፣ የትንፋሹ አቆራረጥ፣ በመሐል የሚሰነቀረው ማብራሪያ ሁሉ የጄምስ ነው። ጄምስ ራሱም አንብቦ እጅግ ተደስቶበታል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህን ያህል በትኩረት የሚያነብ ሰው ማግኘት ለአንድ ደራሲ ትልቅ ክብር ነው።

በእንግሊዛዊው ደራሲ በሩድያርድ ኪፕሊንግ ላይ ግን ይህ ፍቅር የለም። ቢርቦም የኪፕሊንግን ጦረኝነት አምርሮ ይጠላ ነበር፤ ጥላቻው በሥዕሉም በጽሑፉም ይታያል። እነዚያ ሥራዎች ስለታም ናቸው፤ የጄምስን ያህል ግን ጥልቀት የላቸውም።

በ1910 ፍሎረንስ ካን የተባለች አሜሪካዊት ተዋናይት አግብቶ ጣሊያን፣ ራፓሎ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተቀመጠ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ እንግሊዝ ከመመለሱ በቀር ቀሪ ዘመኑን እዚያው ኖረ። ብቸኛው ረጅም ልብ ወለዱ «ዙሌይካ ዶብሰን» በ1911 ወጣ፤ የኦክስፎርድ ተማሪዎች በአንዲት አስማተኛ ቆንጆ ፍቅር ተቃጥለው በጅምላ ወንዝ ውስጥ ሲሰጥሙ ያሳያል። በ1923 ለንደን ላይ ባሳየው ዐውደ ርዕይ የንጉሣውያን ቤተሰብ ካርቱኖች ቁጣ ስላስነሱ ጥቂቶቹን አነሣ። ሆኖም በ1939 «ሰር» የሚለውን ማዕረግ ተቀበለ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን በ1919 የታተመውን «ሰባት ሰዎች» ነው። መጽሐፉ ስድስት ምናባዊ ሰዎችን ያስተዋውቀናል፤ ሰባተኛው ራሱ ቢርቦም ነው። ከስድስቱ አንዱ ኢኖክ ሶምስ፣ መጽሐፎቹን ማንም የማያነብለት ደብዛዛ ገጣሚ ነው። መጪው ትውልድ ያከብረኝ ይሆን የሚለው ጥያቄ ሲያንገበግበው በ1897 ከሰይጣን ጋር ይዋዋላል፤ ነፍሱን ሰጥቶ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ጁን 3 ቀን 1997፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ንባብ ክፍል አንድ ከሰዓት በኋላ ለማሳለፍ። ሄዶ የመጻሕፍት ዝርዝሩን ያገላብጣል። ስለ ራሱ ያገኘው ግን ማክስ ቢርቦም የተባለ ጸሐፊ በአንድ ታሪክ ውስጥ የፈጠረው ሰው መሆኑን ብቻ ነው። ታሪኩ ያስቃል፤ የሶምስ ሐዘን ግን የእውነት ነው። ቢርቦም በዙሪያው እንደ ሠዓሊው ዊልያም ሮተንስታይን ያሉ በሕይወት የነበሩ ሰዎችን ስላሰለፈ፣ አንባቢ ሶምስ በርግጥ እንደነበረ ያምናል። በተባለው ቀን በ1997 አንባቢዎች ንባብ ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበው ሶምስን ጠብቀዋል።

ቢርቦም በ1956 በ83 ዓመቱ ራፓሎ ውስጥ አረፈ፤ አመዱ ለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ይገኛል። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ በኦክስፎርድ አሽሞሊየን ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ ስለ ሠዓሊው ሮሴቲና ወዳጆቹ የሠራቸው ደግሞ ለንደን ውስጥ ቴት በተባለው የሥዕል ሙዚየም አሉ። በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰው ከሶምስ ቢጀምር ይበጀዋል። ቀጥሎ «የገና ጉንጉን»ን ሊከፍት ይችላል፤ አስቀድሞ ግን ከጄምስ አንድ አጭር ልብ ወለድ ያንብብ።