አበባው ቀጠሮ አያከብርም!

ቀጠሮ አፍርሶ ሁለት ፍቅረኛሞችን ያጣላ አበባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ!

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ጓደኛዬ በ2024 ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ተዘጋጅታለች። አዲስ አበባ ያሉት እናቷ ቪዛ ስለተከለከሉ የሠርጉን ነገር የሚያዩት በፎቶ ብቻ ነው። «እማዬ፣ በዚያ ውብ አበባ ሥር ፎቶ ተነስተን እንልክልሻለን» ብላ ቃል ገባች። እጮኛዋም «አበባው የሚደምቀው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው» ብሎ ፎቶ አንሺውን ለኤፕሪል 6 ቀጠረ፤ ቀብድም ከፈለ።

በቀኑ ዘንጠን ሄድን። ምን እንይ? ቅጠል! አበባው ማርች 17 ላይ ደምቆ ረግፏል።

«ቀኑን የመረጥከው አንተ ነህ!»

«አንቺስ መች ጠየቅሽ?»

ሳምንት ሙሉ ተኳረፉ። ሽምግልናው እኔ ላይ ወደቀ።

እውነቱን ለመናገር ልጁ አልዋሸም፤ የድሮውን ቀን ነው የያዘው። ዛፎቹ የጃፓን ቼሪ ናቸው፤ በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ የመጡት 3,020 ነበሩ። ከ1921 ወዲህ ያለው መዝገብ እንደሚያሳየው የሚደምቁበት ቀን አንድ ሳምንት ያህል ቀድሟል። ምክንያቱ ሙቀት ነው። እምቡጡ የብርዱን ወራት ተኝቶ ያሳልፋል፤ ብርዱን ሲጠግብ ሙቀት ይቀሰቅሰዋል። ፌብሩዋሪና ማርች ከወትሮው ከሞቁ ቸኩሎ ይፈነዳል። መቸኮሉም ጦስ አለው፤ በማርች 2017 ሊፈነዳ የተቃረበውን አበባ ድንገተኛ ውርጭ መጥቶ ግማሽ ያህሉን አቃጥሎታል።

እንግዲህ በአበባ ሥር ፎቶ ለመነሳት ያሰባችሁ፣ ምክሬን ስሙ። አንደኛ፣ የአምናን ቀን አትመኑ፤ እምቡጡን ሄዳችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቀኑ ሊቀየር እንደሚችል ከፎቶ አንሺው ጋር ተስማሙ። ሦስተኛ፣ ካመለጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ክዋንዛን የሚባለው ሮዝ ቼሪ ከዋናው ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ያብባል።

የኛዎቹስ? ታርቀው እዚያው ቅጠሉ ሥር ተነሱ። ፎቶው ሲደርሳቸው እናትየው ደወሉ። ልጅቷ «እማዬ፣ አበባው አመለጠን» ብላ ልታለቅስ ስትል፣

«የምን አበባ? እኔ ያየሁት እናንተን ነው!» አሏት።

ያን ሳምንት በከንቱ የተኳረፉበት ነገር እስከዛሬ ያስቃቸዋል።