ስለ ሠራተኛ እናቶችና ስለ ሕፃናቸው አጠባበቅ

በአንድ የአስመጪ መደብር ለሰባት ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆና የሠራች አንዲት እናት፤ የወሊድ ፈቃዷ በተፈጸመ ማግሥት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይሁን እንጂ ለሕፃኑ የተቀጠረችው ሞግዚት ሁለት ወር እንኳ ሳትሞላ ወደ ዐረብ አገር ሄደች፤ አያቱም በሕመም ምክንያት ሊጠብቁት አልቻሉም። እናቲቱ ጥቂት ቀን ሕፃኑን አዝላ እየመጣች ከሒሳብ መዝገቡ አጠገብ በካርቶን ውስጥ ታስተኛው ነበር። በመጨረሻ የካዝናውን ቁልፍ አስረክባ ተሰናበተች።

ባለመደብሩ ነገሩን ቀላል አድርጎ ነበር፤ ገንዘብ ያዥ መች ይታጣል? ነገር ግን በዱቤ ከወሰዱት ደንበኞች መካከል ቃሉን የሚጠብቀው የትኛው እንደ ሆነ፤ የትኛውም ሳይነዘነዝ እንደማይከፍል በመዝገብ አልተጻፈም፤ በሴትዮዋ ልብ ነበረ። አዲሱ ሠራተኛ ይህን እስኪያውቅ ድረስ ብዙ ብር በሰው እጅ ቀረ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 ከወሊድ በፊት 30፤ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይፈቅድ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1156 የኋለኛውን ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጎታል፤ ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ነው። (ሦስት ቀን ለክርስትናም ሆነ ለዓቂቃ ድግስ ሽርጉድ እንኳ አይበቃም።) የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። እንግዲህ በአዋጁና በሐኪሞች ምክር መካከል የሦስት ወር ክፍተት አለ። በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ተደንግጎ ነበር፤ ድንጋጌው ለነጋዴ አልነበረም።

የቡና ላኪዎችም ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። በመጋዘን ቡና የሚለቅሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ሕፃን በአቧራ መካከል መዋሉ ለጤናው እንደማይበጅ ሐኪም ሳይጠየቅ ይታወቃል።

መቸም አንድ ሱቅ ብቻውን ማቆያ አይከፍትም። በአንድ ሕንፃ ያሉ ዐሥር ነጋዴዎች ግን የአንዲት ክፍል ኪራይና የሁለት ሞግዚት ደመወዝ ቢያዋጡ የማይቻል አይደለም፤ ዕቁብ ማዋጣትን ነጋዴ ከማንም አልተማረም። ክፍሏ ከምድር ቤት ብትሆን፤ ውኃ ቢኖራት፤ በርበሬና ኬሚካል ከሚከማችበት ብትርቅ ይሻላል።

ባለመደብሩ ሴትዮዋ እንድትመለስለት መልእክተኛ ልኮ ነበር። እርሷም ስለ ደመወዙ ሳትጠይቅ፣ «ልጁስ የት ይውላል?» ብላ መለሰች። በማግሥቱ ባለመደብሩ ከጓሮ ያለችውን የባዶ ሣጥን ማኖሪያ አስጠርጎ፣ ስፋቷን በሜትር ሲለካ ዋለ።