ከሲኒማው መጋረጃ በስተጀርባ፦ የአራት ስፔናውያን ሴት ተዋንያን ሕይወት

የፊልም ተዋንያን ሲነሡ ብዙውን ጊዜ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ያማረ ልብስ፣ የደመቀ መብራትና የማያልቅ ገንዘብ ነው። ተዋናይትም እንደ ማንኛዋም ሠራተኛ ሰዓት ጠብቃ ሥራ የምትገባ፣ ስለ ደመወዟ የምትከራከር፣ «ልጄን ለማን ትቼ ልሂድ?» ብላ የምትጨነቅ ሴት መሆኗን እምብዛም አናስበውም። ስለዚህ ዛሬ በ1939 እና በ1948 መካከል የተወለዱ፣ በአገራቸው ስማቸውን የማያውቅ የሌለ አራት የስፔን ተዋንያንን እናስተዋውቃችኋለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ሴቶች ያደጉበትን ዘመን በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። ስፔን ከ1936 እስከ 1939 በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ቆይታ በጄኔራል ፍራንኮ አገዛዝ ሥር ወደቀች። አገዛዙም ጄኔራሉ በኖቬምበር 1975 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ዘለቀ። በዚያ ዘመን ያገባች ሴት ያለ ባልዋ ፈቃድ የሥራ ውል ለመፈረም፣ በስሟ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት፣ ፓስፖርት ለማውጣት አትችልም ነበር። ፊልሞቹም ከመታየታቸው በፊት በሳንሱር ውስጥ ያልፋሉ። በመጋረጃው ላይ የሚፈለገው ዘፋኝ፣ ሳቂታና ታዛዥ ልጃገረድ ነበር።

የማላጋዋ ሕፃን

እኛ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። ልጅ ያቦካው ለብዙ አዋቂዎች እንጀራ የሆነበትን ታሪክ ግን ከማሪሶል ሕይወት እናገኛለን።

እውነተኛ ስሟ ሆሴፋ ፍሎሬስ ሲሆን በ1948 በደቡብ ስፔን በምትገኘው የወደብ ከተማ በማላጋ፣ ብዙ ድሆች ቤተሰቦች አንድ ግቢ ተጋርተው በሚኖሩበት ሰፈር ተወለደች። በ1959 ከዘፈንና ከውዝዋዜ ጓዶቿ ጋር ማድሪድ መጥታ ስታቀርብ ማኑኤል ጎያኔስ የተባለ የፊልም አዘጋጅ አገኛት። ከቤተሰቧ ተለይታም ማድሪድ በሚገኘው የአዘጋጁ ቤት ተቀመጠች። ስሟ ተለወጠ፤ ፀጉሯ ይበልጥ ወርቃማ እንዲመስል ቀለም ተቀባ፤ ትምህርቷን ቤት ድረስ ከሚመጡ አስተማሪዎች ተማረች።

በ1960 የወጣው «የብርሃን ጨረር» የተሰኘው የመጀመሪያ ፊልሟ በቬኒስ የፊልም በዓል የሕፃን ተዋንያን ሽልማት አስገኘላት። ከዚያም በየዓመቱ ፊልም፣ በመካከሉም ሸክላ መቅረጽና ጉዞ ሆነ። በእርሷ መልክ የተሠሩ አሻንጉሊቶችና የተረት መጻሕፍት በየሱቁ ተሸጡ። የእርሷ ዘፈን የአንድ ትልቅ ኩባንያ ሥራ ነበር፤ የዋናዋ ሠራተኛ ዕድሜ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር።

በ1969 የአዘጋጁን ልጅ አገባች፤ ጋብቻው ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ቆየ። ከዚያም ከታዋቂው የፍላሜንኮ ተወዛዋዥ ከአንቶኒዮ ጋዴስ ጋር ኖራ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደች። «ማሪሶል» የሚለውን ስም ትታ ፔፓ ፍሎሬስ ተብላ እንድትጠራ ፈለገች። «ያለፉት ቀናት» በተባለ ፊልም ውስጥ የአንዲት አስተማሪን ሚና ተጫውታ በ1978 በካርሎቪ ቫሪ ፌስቲቫል የምርጥ ሴት ተዋናይ ሽልማት አገኘች። ከሰባት ዓመት በኋላ ግን፣ ገና በ37 ዓመቷ፣ ከሲኒማ ተሰናብታ ከካሜራ ርቃ መኖርን መረጠች። በ2020 የስፔን የፊልም አካዳሚ በገዛ ከተማዋ በማላጋ የክብር ጎያ ሽልማት ሲሰጣት እርሷ አልመጣችም፤ ሽልማቱን የተቀበሉላት ሦስቱ ልጆቿ ናቸው። ሕፃን ሳለች ማንም ያልጠየቃትን ፈቃድ፣ ካደገች በኋላ ራሷ «አይሆንም» ብላ አስከበረችው ለማለት ይቻላል።

የአንድ ቀን ዕረፍት

ኮንቻ ቬላስኮ ጦርነቱ ባበቃበት በ1939 በባያዶሊድ ከተማ ተወለደች። ውዝዋዜ ተምራ በልጃገረድነቷ ፊልም የጀመረች ሲሆን፣ በ1965 በአንድ ፊልም ውስጥ በዘፈነችው የወጣቶች ዘፈን ስሟ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ሕዝቡ የሚያያት የምትፈነድቅ ወጣት ነበረች።

በቴአትር ቤት ግን የሥራው ሁኔታ እንዲህ አልነበረም። ተዋንያን በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ይሠሩ ነበር። እናንተ በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ እህቶች ይህን አስቡት፤ ሕፃን ለማጥባት ቀርቶ የታመመች እናትን ለመጠየቅ እንኳ ቀን አይገኝም። በ1972 የሳምንት ዕረፍት ቀን እንዲሰጥ ከታገሉት ግንባር ቀደሞች መካከል ኮንቻና የሙያ ባልደረባዋ ሁዋን ዲዬጎ ይገኙበታል። ዕረፍቱም ተገኘ። ከዚህ በኋላ የመጣ ተዋናይ ሁሉ ያረፈው በእነዚህ ሰዎች ድካም ነው።

ኮንቻ በ1976 ሳታገባ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። በዚያች አገር ያን ጊዜ ይህ ከብዙ ሐሜት ጋር የሚመጣ ነገር ነበር። እርሷ ግን ልጁንም ሥራዋንም ይዛ ቀጠለች። ያ ልጅ አድጎ የቴአትር ደራሲ ሆነ፤ እናቱም በ2021፣ በ81 ዓመቷ፣ ከመድረክ የተሰናበተችው እርሱ በጻፈው ቴአትር ነው። በዲሴምበር 2023 ዐረፈች።

ከመድረክ ወደ እስር

ሮሲዮ ዱርካል በ1944 በማድሪድ ከሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደች። የተጸውዖ ስሟ ማሪያ ዴ ሎስ አንሄሌስ ነው። «ዱርካል» የሚለውን የመድረክ ስም ያገኘችው ካርታ ላይ በጣቷ ጠቁማ እንደሆነ ይነገራል፤ በግራናዳ አካባቢ የምትገኝ የአንዲት ከተማ ስም ነው። በ1962 «የወጣትነት ዘፈን» በሚለው ፊልም ታወቀች።

በፌብሩዋሪ 1975 የማድሪድ ተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ጥያቄያቸው የሥራ ሰዓት እንዲስተካከልና በውል ድርድር ላይ ራሳቸው በመረጧቸው ሰዎች እንዲወከሉ ነበር። ቴአትር ቤቶች ተዘጉ። አድማ በሕግ የተከለከለ ስለነበር ፖሊስ ተዋንያንን ማሰር ጀመረ፤ ከታሰሩትም አንዷ ሮሲዮ ነበረች። በዚያን ጊዜ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ስመ ጥር በመሆኗ ዝም ብላ ቤቷ ብትቀመጥ የሚጎድልባት አልነበረም። ሆኖም ስም ለሌላቸው ጓደኞቿ አብራ ቆመች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ከፊልም ይልቅ ወደ ሙዚቃ አዘነበለች። ከ1977 ጀምሮ የሜክሲኮውን የዜማ ደራሲ የሁዋን ጋብሪዬልን ዘፈኖች ተጫውታ በላቲን አሜሪካ እጅግ ተወደደች። እርሷ ከአገር አገር ስትዞር ዘፋኝ የነበረው ባለቤቷ የራሱን ሥራ ትቶ ሦስቱን ልጆቻቸውን ይንከባከብ ነበር። ይህ በብዙ አገር ከሚስት ብቻ የሚጠበቅ መሥዋዕትነት መሆኑን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሮሲዮ በማርች 2006 በካንሰር በሽታ በ61 ዓመቷ ሞተች።

የእናትነት ዋጋ

አራተኛዋ ካርመን ማውራ በ1945 በማድሪድ ተወለደች። እንደ ማሪሶል ከድሃ ቤት አልመጣችም፤ በዘመዶቿ መካከል የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረበት ቤተሰብ ልጅ ናት። በወጣትነቷ አግብታ ሁለት ልጆች ወለደች። ተዋናይት ለመሆን በቆረጠች ጊዜ ግን ትዳሯ ፈረሰ፤ ልጆቿንም የማሳደግ መብት አጣች። በዚያን ጊዜ ፍቺ በሕግ አይታወቅም፤ በልጆች ላይ ያለውም ሥልጣን የአባት ነበር። ሀብትና ስመ ጥር ዘመድ ሕጉን ሊያሸንፉላት አልቻሉም።

በ1984 በፔድሮ አልሞዶቫር ፊልም ውስጥ የተጫወተቻት ሴት ለከተማ እናቶች እንግዳ አይደለችም። ግሎሪያ ትባላለች፤ በአውራ ጎዳና ዳር በተሠራ ፎቅ ውስጥ በጠባብ ቤት ትኖራለች። ባልዋ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሁለት ልጆችና አማት አሉባት። የሰው ቤት ታጸዳለች፤ ስትመለስ የራሷ ቤት ሥራ ይጠብቃታል። ካርመን ይህችን ሴት ያለ ማጋነን ተጫወተቻት። ከአራት ዓመት በኋላ በወጣው «በነርቭ መታወክ አፋፍ ላይ ያሉ ሴቶች» በተሰኘው ፊልም ዝናዋ ዓለምን አዳረሰ። በ2006 ደግሞ «መመለስ» በተባለው ፊልም ከአምስት ሴት ባልደረቦቿ ጋር በካን የምርጥ ሴት ተዋናይ ሽልማት ተጋራች። በዚህ ፊልም የተጫወተችው ከልጆቿ ጋር ዳግመኛ የምትገናኝ እናት ሆና ነው።

ሕጉም ቢሆን እንደነበረ አልቀረም። ያገባች ሴት የባልዋን ፈቃድ እንድትጠይቅ ያስገድድ የነበረው ድንጋጌ በሜይ 1975 ተሻረ። በ1981 ፍቺ ተፈቀደ፤ አባትና እናትም በልጆቻቸው ላይ እኩል ሥልጣን እንዲኖራቸው ተደነገገ። ለካርመን ግን ሕጉ የመጣው ልጆቿ ሕፃናት የነበሩበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ምን እንማራለን?

ውድ አንባብያን፣ ምናልባት ድምፀ መልካም ወይም ቀልጣፋ ልጅ ያለቻችሁ ትኖሩ ይሆናል። ተሰጥዖን ማፈን አይገባም። ነገር ግን ልጅቷን ለመድረክ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ስንት ሰዓት ትሠራለች? ትምህርቷስ? የት ታድራለች? ገንዘቡ በማን ስም ይቀመጣል? ከሁሉ በላይ ልጅቷን ራሷን ጠይቋት፤ «በቃኝ» ስትልም ስሟት።

ሠራተኛ ለሆናችሁ እህቶች ደግሞ የኮንቻና የሮሲዮ ነገር ግልጽ ነው። የሳምንቱን ዕረፍት ቀን ማንም በስጦታ አልሰጣቸውም፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያገኙት ነው። በመጋረጃው ላይ የሳቁት እነዚያ ልጃገረዶች ከመጋረጃው በስተጀርባ የጠየቁት ነገር እናንተም በየቀኑ የምትጠይቁት ነው፦ ዕረፍት፣ ተገቢ ክፍያና ልጅን በራስ እጅ የማሳደግ መብት።