ዓሣን ማርባት በብልሃት

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላሉ አበው፤ እሾሁ ጕሮሮ እንዳይወጋ ሲያስጠነቅቁ ነው። ዓሣን በኩሬ ለማርባት ለሚያስብ ቤተ ሰብ ግን ብልሃቱ ከማዕድ አስቀድሞ በውኃውና በኃይሉ ሊጀመር ይገባል እንላለን።

ዓሣ ገላውን ለማሞቅ ምግብ አያወጣም፤ ስለዚህ ከበሬ ይልቅ በጥቂት መኖ ሥጋ ይሰጣል። ዕዳው በውኃ በኩል ነው። ርዝመቱ 20፥ ወርዱ 10፥ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 200,000 ሊትር ይይዛል። በቆላ ፀሐይ በቀን 5 ሚሊሜትር ቢተንንበት 1,000 ሊትር ይጐድልበታል፤ ይኸውም በየቀኑ ሃምሳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው።

ይህን ለማዳን ውኃውን እያጣሩ ደጋግመው የሚያሠሩበት ገንዳ አለ። ዓሣው የሚያወጣውን መርዘኛ አሞኒያ በማጣሪያው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ አብዛኛውም ውኃ ይድናል። ነገር ግን የዳነው ውኃ ዋጋ በኤሌክትሪክ ይከፈላል። ፓምፑና የአየር መንፊያው ቀንና ሌሊት አያርፉም፤ መብራት ቢጠፋ ዓሣው በጥቂት ሰዓት ታፍኖ ያልቃል።

በኩሬ ውስጥ ግን ለዓሣው የሚያስፈልገውን አየር ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ጥቃቅን ዕፀዋት በቀን ብርሃን ይሰጡታል። ሌሊት እነርሱም ስለሚሻሙት ንጋት ላይ አየሩ ያንሳል። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ቢታዩ መኖውን ማቆምና ንጹሕ ውኃ መጨመር ይገባል።

ስለዚህ ለገበሬ ቤተ ሰብ የምንመክረው፥ ኩሬውን ከምንጩ በታች፥ ከጓሮው በላይ እንዲቈፍር ነው። ውኃው ያለ ፓምፕ በቍልቍለቱ ይገባል፤ ሲወጣም ናይትሬቱን ይዞ ጎመኑንና ሽንኩርቱን ያጠጣል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሙቅ ውኃ ስለሚወድ በቆላና በወይና ደጋ ይስማማዋል፤ በብርዳም ደጋ ውኃ እያሞቁ ማርባት ግን ለገበሬ አያዋጣም።

የሐሮማያ ሐይቅ ለከተማና ለመስኖ ሲቀዳ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መድረቁን አንርሳ፤ ውኃው ከዚያ በኋላ መመለስ ቢጀምርም፥ ሲደርቅ ዓሣውም አብሮት ጠፍቶ ነበር። እንግዲህ ኩሬ ለመቈፈር ያሰባችሁ ሁሉ፥ ምንጫችሁን በክረምት ሙላቱ ሳይሆን በበጋ፥ በሚሳሳበት ወራት ለኩት። ለመጠጥ፥ ለከብቱና ለጎረቤት በቅቶ የሚተርፍ ከሆነ ቈፍሩ፤ የማይተርፍ ከሆነ ግን ኩሬው ይቅር።