ኬቶ ከሦስተኛው ወር በኋላ

ሐዋሳ ላይ ኬቶ የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብዙም ሳይቸገር ሊያልፋቸው ይችላል። ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ ላይ የተጠበሰ አሳ፣ ማታ ጎመን በሥጋ። ሚዛኑም ያበረታታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሁለት ሦስት ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። ፈተናው የሚመጣው ዘግየት ብሎ ነው፤ እሑድ አክስት ቤት ምሳ ሲጠራ፣ ትሪው መሐል ላይ ሲቀመጥ፣ አክስቱ ወጡን በእንጀራ ጠቅለል አድርገው "በሞቴ! አፈር ስሆን!" እያሉ እጃቸውን ወደ አፉ ሲዘረጉ። ያንን ጉርሻ መመለስ ሰውን መመለስ ይመስላል። ብዙዎች ኬቶን የሚተዉት እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ኬቶ በአጭሩ ሰውነት ስኳርን ትቶ ስብን ዋና ነዳጁ እንዲያደርግ የሚያስገድድ አመጋገብ ነው። በቀን የሚበላው ካርቦሃይድሬት ከ20 እስከ 50 ግራም ሲወሰን፣ ጉበት ያጠራቀመው ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ስንቅ በአንድ ሁለት ቀን ይመናመናል። ከዚያ በኋላ ጉበት ስብን እየሰባበረ ኬቶን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል፤ አንጎልና ጡንቻ በእነዚህ ይሠራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚወርደው ኪሎ ግን በአብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ እሱ ሲያልቅ ውሃውም ተከትሎት ይወጣል። ጨውም አብሮ ይሄዳል፤ በነዚያ ቀናት የሚሰማው ራስ ምታት፣ ድካምና ማዞር በአብዛኛው ከዚሁ የመጣ ነው። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው፣ በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ሲዘገይበት "ለእኔ አልሆነኝም" ብሎ ይተወዋል።

ሃምሳ ግራም ስንት ነው? መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ሙሉ እንጀራ ከመቶ ግራም በላይ ዱቄት ሊወስድ ስለሚችል፣ ወጡ ሳይቆጠር እንጀራው ብቻውን የቀኑን ድርሻ ይጨርሳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው፤ ሦስት ሲኒ ቡና በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 24 ግራሙን ከቡናው ሳይነሣ ፈጀ ማለት ነው። ቆጮና ቡላማ ከሞላ ጎደል ስታርች ናቸው።

አመጋገቡ ሲፈጠር ለቅጥነት አልታሰበም። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ራስል ዋይልደር የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕሙማን ያቀረበው ሕክምና ነበር። ጾም የሚጥለውን በሽታ እንደሚያስታግስ ቀደም ብሎ ይታወቅ ስለነበር፣ ሕሙማኑን ሳያስርቡ የጾምን ውጤት የሚሰጥ መንገድ ይፈለግ ነበር። ዛሬም መድኃኒት ያልመለሰላቸው ሕፃናት በዚህ መንገድ ይታከማሉ። ከዚህ ታሪክ ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ፤ ሕፃናቱ እያንዳንዱ ጉርሻ ተመዝኖላቸው፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ እየተከታተላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ቀስ በቀስ ወደ ተለመደው ምግብ ይመለሳሉ። አመጋገቡ በተወለደበት ሕክምና ውስጥ እንኳ ለዕድሜ ልክ የታዘዘላቸው ጥቂት ናቸው።

በካርቦሃይድሬት ቅነሳ መቅጠን በሰፊው የታወቀው ሮበርት አትኪንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፉን ካሳተመ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ደጋግመው አንድ ነገር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ በታተመ የ63 ሰዎች ጥናት፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በስድስተኛው ወር ከሌሎቹ ይበልጥ ቀጥነው ታዩ፤ ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቦስተን ላይ 160 ሰዎች በአራት የአመጋገብ ዓይነቶች ተከፍለው ዓመት ቆዩ። የአትኪንስን መንገድ ከጀመሩት 40 ሰዎች እስከ መጨረሻው የዘለቁት 21 ነበሩ። የኪሎው ቅነሳ የተከተለው የምግቡን ዓይነት ሳይሆን ሰውየው በጀመረው ላይ ምን ያህል እንደ ጸና ነው።

ታዲያ ማን ይጸናል? እዚህ ላይ በእስራኤል ዲሞና በሚገኝ የኑክሌር ምርምር ማዕከል የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት ብዙ ያስተምራል። 322 ሠራተኞች ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ ከተመደቡት ውስጥ 78 በመቶው እስከ ፍጻሜው ዘልቀዋል፤ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ ነው። የሰዎቹ ዋና ምግብ ምሳ ነበር፤ የሚበሉትም በመሥሪያ ቤቱ ካፌ ሲሆን ካፌው ለእያንዳንዱ ቡድን የሚስማማውን ምግብ በቀለም ምልክት ለይቶ ያቀርብላቸው ነበር። ለትዳር ጓደኞቻቸውም ሳይቀር ትምህርት ተሰጥቷል። ማለትም ሰውየው ብቻውን እንዲታገል አልተተወም፤ ገበታው ራሱ ተስተካክሎለታል።

ሌላም ነገር አለ፤ ኬቶን እንደ መሐላ የያዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት። በዚያ ጥናት የቀኑ ካርቦሃይድሬት 20 ግራም ላይ የቆየው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እስከ 120 ግራም እንዲያድግ ተፈቅዷል። ሁለት ዓመት የዘለቀው ልል የሆነው መንገድ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ለሐዋሳ ሰው ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው። 120 ግራም ውስጥ ግማሽ እንጀራ ይገባል። የአክስት ጉርሻም ይገባል።

ቀሪውን ገበታ ለመሙላት ሐዋሳ የታደለች ከተማ ናት። ጠዋት አሞራ ገደል የወረደ ሰው ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ ያያል፤ ዳር ላይ ወጣቶች አሳውን ይዘው በቢላ ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ተራቸውን እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። አሳ ምንም ካርቦሃይድሬት የለውም። ሙሉውን ቆሮሶ (ቲላፒያ) ጎኑን በቢላ ሸንተር ሸንተር አስደርጎ በማስጠበስ፣ በሎሚና በዳጣ መብላት ነው። ኮተሌቱ ግን ዱቄት ለብሶ ስለሚጠበስ ሌላ ምግብ ነው። ቆሮሶ ስቡ በጣም ትንሽ በመሆኑ አሳ ብቻ እየበላ ኬቶ ላይ ነኝ የሚል ሰው በአራተኛው ቀን ሊርበው ይችላል፤ አቮካዶ ወይም በዘይት የተቁላላ ጎመን ከጎኑ ያስፈልገዋል።

አሳን ዓመት ሙሉ ለሚበላ ሰው ዓይነቱም ለውጥ ያመጣል። የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ከሐዋሳ ሐይቅ በወጣው ባርበስ በሚባለው አሳ ውስጥ ከፍ ያለ ሜርኩሪ አግኝተዋል፤ በተለይ ሌሎች አሳዎችን እየበሉ ከሚያድጉት ትላልቆቹ መካከል በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ከሚለው ዓለም አቀፍ ወሰን ያለፉ ነበሩ። ዕፅዋትና ጥቃቅን ነገር የሚመገበው ቆሮሶ ግን ሜርኩሪው ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ የየዕለቱ አሳ ቆሮሶ ይሁን፤ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ደግሞ ከትልልቁ ባርበስ ቢርቁ ይሻላቸዋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ላይ ነው። ክትፎ በአይብና በጎመን፣ ያለ ቆጮ፣ ለኬቶ የተሠራ ምግብ ይመስላል። ብዙ ሰውም እንጀራውን ሲተው የሥጋውን ቀን ከሳምንት አንድ ወደ ሳምንት አራት ያሳድገዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የሐዋሳ ጥናት ቄራ ላይ ከተመረመሩ 400 ከብቶች በ105ቱ ሥጋ ውስጥ የኮሶ ትል እጭ ተገኝቷል። ኮሶ ለአብዛኛው ሰው የሚገድል በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም አለው። ይሁን እንጂ ክትፎን በሳምንት አራት ቀን የሚበላ ሰው አስበስሎ እንዲበላ መምከር ተገቢ ነው።

አቮካዶ የሲዳማ ሀብት ነው። ይርጋለም በሚገኘው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዘይቱ ተጨምቆ ይወጣል፤ ፍሬው ሐዋሳ ውስጥ በየጉልቱ አለ። መቶ ግራም አቮካዶ 15 ግራም ያህል ስብ ሲኖረው፣ 9 ግራም ከማይሞላው ካርቦሃይድሬቱ አብዛኛው የማይፈጭ አሰር ነው። ይህ አሰር በኬቶ ብዙዎችን የሚያማርረውን የሆድ ድርቀትም ያቃልላል። ጭማቂ ቤት ገብቶ የአቮካዶ ጭማቂ ያዘዘ ሰው ግን "ያለ ስኳር" ማለት መርሳት የለበትም፤ ስፕሪስ ከሆነ ደግሞ ማንጎውና ፓፓያው የራሳቸውን ስኳር ይዘው ይመጣሉ።

ቅቤስ? ሲዳማ ያለ ቅቤ አይታሰብም። ቡርሳሜ የሚባለው ምግብ ቆጮ በቅቤ የራሰበት ነው፤ የዘመን መለወጫው ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት በመዘገበው በዓል፣ ቤተሰብና ጎረቤት ሻፌታ የሚባለውን የመመገቢያ ዕቃ ከብበው በአንድነት ይበሉታል። ከዚያ ገበታ ላይ ቅቤውን ወስዶ ቆጮውን መተው ይቻል ይሆናል፤ ሰው ግን በዓልን እንዲህ ከፋፍሎ አያከብርም። በዓመት አንድ ቀን ቡርሳሜ በልቶ በማግስቱ ወደ አሳና ጎመኑ የተመለሰ ሰው ምንም አልጎደለበትም። ኬቶኑ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ ስቡን ሁሉ ከቅቤና ከሥጋ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ሰዎች መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል በኬቶ በጣም ያሻቅባል፤ ከመጀመራቸው በፊትና ከሦስት ወር በኋላ ደም መመርመሩ የሚመከረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ 15,428 አሜሪካውያንን ለ25 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ የቀነሱትን ካርቦሃይድሬት በእንስሳት ስብና ፕሮቲን የተኩት ሰዎች የሞት መጠን ከፍ ያለ ነበር፤ በዕፅዋት የተኩት ደግሞ ዝቅ ያለ። የዲሞናዎቹም ስቡን ከዕፅዋት እንዲያገኙ ይመከሩ ነበር።

ይህ ለጾመኛ መልካም ዜና ነው። ለኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ጾም ነው፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን። በእነዚህ ቀናት ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ሥጋ የለም፤ የተለመደው መተኪያ ሽሮ ነው፣ ሽሮ ደግሞ ከግማሽ በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ አሳን ከጾም ምግብ ባትቆጥረውም የሚበላው ብዙ ሰው ስለሆነ በሁዳዴ የአሳ ፈላጊ ይበዛል። አሳውንም የሚተው ሰው አቮካዶ፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ እንጉዳይ፣ ተልባ፣ ሰሊጥና ኦቾሎኒ ይቀሩታል። በዚህ ጥብቅ ኬቶን መጠበቅ በጣም ከባድ ነው፤ የ120 ግራሙን መንገድ መያዝ ግን ይቻላል፦ ትንሽ እንጀራ፣ ወፍራም የጎመን ወጥ፣ ግማሽ አቮካዶ፣ ሽሮው በጭልፋ ሳይሆን በማንኪያ። ጾሙን ለኬቶ ብሎ ማፍረስም፣ ኬቶውን ለጾም ብሎ ጨርሶ መተውም አያስፈልግም።

ስለ ስኳር ሕመምተኞች ለብቻው መናገር ግድ ይላል፤ ኬቶን በተስፋ ከሚጀምሩት መካከል ብዙዎቹ እነሱ ናቸውና። ተስፋቸው ከንቱ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሐኪምና በአሠልጣኝ ቅርብ ክትትል ኬቶ ከያዙ 262 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኞች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 74 በመቶው አልተዉትም፤ ብዙዎችም መድኃኒታቸው ተቀንሶላቸዋል። የቀነሰላቸው ግን ሐኪሙ ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እንጀራውን ዛሬ አቁሞ መድኃኒቱን በነበረበት መጠን ከቀጠለ፣ ስኳሩ በሌሊት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ካጓደለ ኬቶኑ ከልክ አልፎ ደሙን አሲድ ያደርገዋል፤ ያ ገዳይ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የኩላሊት ሕመምተኛ፣ በስሙ ፍሎዚን የሚል ያለበትን አዲሱን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በራሳቸው መጀመር የለባቸውም። እነዚህን መድኃኒቶች የምትወስዱ አንባቢዎች፣ እንጀራውን ከመቀነሳችሁ በፊት የመድኃኒታችሁን ስምና መጠን ይዛችሁ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ፤ ከዚያ መልስ ደግሞ እሑድ ሳይደርስ ለአክስት ደውሉላቸው።